ዛንዚባርን ከቅመም ነጋዴዋ እናቴ ጋር

እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ መርካቶ ውስጥ ቅመም ስትሸጥ ኖራለች። ቅርንፉድ በኩንታል ተረክባ በማንኪያ የምትቸረችር፣ ዓይኗን ጨፍና ሄልን ከኮረሪማ፣ የዘንድሮውን እርድ ከአምናው በሽታው የምትለይ ሴት ናት። ይሁን እንጂ ቅርንፉድ የሚባለው ነገር ፍሬ ይሁን ሥር፣ ከዛፍ ይለቀም ከመሬት ይቆፈር አይታ አታውቅም ነበር። ባለፈው ሐምሌ ሁለታችን ወደ ዛንዚባር ስንነሣ እሷን ያስነሣት ይኸው ጉዳይ ነው። እኔን የወሰደኝ ባሕሩ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ስለ ደሴቲቱ የሰማሁት ሁሉ ስለ ነጭ አሸዋና ስለ ሰማያዊ ውኃ ስለነበረ፣ ከያዝነው ስድስት ቀን አራቱን በባሕር ዳርቻ ለማሳለፍ አቅጄ ነበር። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ወደ እርሻው ካልወሰድሽኝ ብላ እቅዱን ባታፈርሰው ኖሮ፣ አሮጌውን ከተማ እንደ ማንኛውም ያረጀ ሰፈር ፎቶ አንሥቼበት አልፌው በመጣሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የሚያቅድ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጠው ነው፤ የቅመም እርሻው ይቅደም፣ ከተማው ይከተል፣ ባሕሩ በመጨረሻ ይምጣ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ ለሚበር ሰው ጉዞው ሦስት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ቪዛውን በኢንተርኔት ቀደም ብሎ ማመልከትና መልሱ በእጅ ሳይገባ ትኬት አለመቁረጥ ይሻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ብትሆንም የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት ስላላት፣ የራሷ የሆኑ ደንቦችም አሏት፤ ከእነዚህም አንዱ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ ከደሴቲቱ የመድን ድርጅት እንዲገዛ የተደረገው የጉዞ ዋስትና ሲሆን፣ ለአዋቂ ሰው 44 ዶላር ነው። ሌላ ቦታ የገዛችሁት ዋስትና ይህን አይተካም። ሌላው እኛን ያስደነገጠን ደግሞ ፌስታል ነው። ታንዛኒያ የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መግባትን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለከለከለች፣ ዳቦ ቆሎውንም ሽሮውንም በየፌስታሉ ቋጥራ የመጣችው እናቴ፣ ሁሉንም ወደ ነጠላዋና ወደ እኔ የጨርቅ ቦርሳ ስትገለብጥ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ሐምሌን የመረጥነው አዲስ አበባ በዝናብ በምትርስበት ወቅት እዚያ ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ ነው። ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚወርድ በእነዚያ ወራት መሄድን አልመክርም። በአንጻሩ ሐምሌና ነሐሴ የፈረንጆች እረፍት ስለሆነ ማደሪያው ይወደዳል፤ ቀደም ብሎ መያዝ ይገባል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ጠዋት ያሳጣን እሱ ነው። ወደ እርሻው የሚወስደንን ሾፌር ያገኘነው በማደሪያችን ባለቤት በኩል ሲሆን፣ እኔም በስልክ መልእክት «በ8 ሰዓት እንጠብቅሃለን» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። በሐሳቤ የፈረንጅ ስምንት፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቴ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሦስትም አለፈ፣ ስልኩ አይነሣም። ሰውየው ከቀትር በኋላ ልክ በስምንት ሰዓት ፈገግ ብሎ መጣ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነው፤ «ሳ ምቢሊ» ሁለት ሰዓት፣ «ሳ ናኔ» ስምንት ሰዓት ነው፤ «ሳ» የሚለው ቃል ራሱ የእኛው ሰዓት ነው። አንድ ዓይነት ሰዓት የምንቆጥር ሁለት ሰዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ለመግባባት ሞክረን ነው የተላለፍነው። እናቴ ነገሩ ሲገባት «ታዲያ በአገርሽ ሰዓት አትነግሪውም ኖሯል?» አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ከባለ ጀልባም ከሾፌርም ጋር በአገራችን ሰዓት ተነጋግረን አንድ ቀን እንኳን አልተላለፍንም። በሆቴልና በአየር ማረፊያ ግን የፈረንጁ ሰዓት እንደሚሠራ አትርሱ።

እርሻው ኪዚምባኒ በሚባለው አካባቢ፣ ከከተማው በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ነው። እርሻ ሲባል በመስመር የተተከለ ማሳ የጠበቅን ከሆነ ተሳስተናል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጓሮ ይመስላል። አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ነበር፤ እናቴን ባየ ጊዜ «ሺካሞ፣ ማማ» ብሎ ዝቅ አለላት። ይህ ለታላቅ ሰው ብቻ የሚቀርብ ሰላምታ ሲሆን መልሱ «ማራሃባ» ነው። ለታላቅ የተለየ ሰላምታ እንዳላቸው ስነግራት እናቴ ልጁን ወዲያውኑ ወደደችው፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛ «ልጄ» እያለች፣ እሱም በስዋሂሊ እየመለሰ፣ ያለ እኔ አስተርጓሚነት ብዙ ተግባቡ።

ቅመም በስሙ ነው የሚታወቀው። ልጁ «ካራፉ» ሲል እናቴ «ቅርንፉድ!» አለች፤ ሁለቱም ከዐረብኛው የመጡ ናቸው። የቅርንፉዱ ዛፍ ግን ከጠበቅነው በላይ ረጅም ነበር፣ የሁለት ፎቅ ቤት ያህላል፤ ለቃሚው ወጥቶ ቅርንጫፉን ወደ ራሱ እየሳበ ነው የሚለቅመው። ልጁ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ አንድ ዘለላ ቀነጠበና በእናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ወደ ሮዝ መቅላት የጀመረ እምቡጥ ነበር። እምቡጥ ነው እንጂ ፍሬ አይደለም፤ ከፈካ በኋላ ዋጋ የለውም። በእኛ መደብር ጆንያ ውስጥ ያለው ጥቁር ቡናማ ምስማር፣ ራሱ ላይ ያለችው ድቡልቡል ነገር ገና ያልተከፈተው የአበባው ቅጠል ነች። እናቴ እምቡጧን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን አደረገችና ወደ አፍንጫዋ ወሰደች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ከአዲስ አበባ ለሻይ ይዛው ከመጣችው ደረቅ ቅርንፉድ አንዲቱን አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየቻቸው። «ሠላሳ ዓመት አበባ ስሸጥ ነው የኖርኩት» አለች።

ጥራቱን የምታውቅበት ዘዴ ግን ለልጁም አዲስ ነበር። ደረቁን ቅርንፉድ በጥፍር ሲጫኑት ዘይት ማውጣት አለበት፤ ውኃ ላይ ሲጥሉት ደግሞ ከሰጠመ ወይም ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ከቆመ ጥሩ ነው፣ እንደ ገለባ ከተጋደመ ዘይቱ ተመጥጦ የወጣ ነው። በዚያች ሰዓት አስጎብኚና ጎብኚ ቦታ ተለዋወጡ።

ከቅርንፉዱ ቀጥሎ የገረመን ገውዝ ነው። ፍሬው ቢጫ ኮክ ይመስላል፤ ልጁ በቢላዋ ለሁለት ሲከፍለው በውስጡ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቡናማ ዘር፣ በዘሩ ላይ ደግሞ እንደ ጥልፍ የተጠመጠመ ደማቅ ቀይ ልባስ ታየ። ያ ቀይ ልባስ ራሱን የቻለ ሌላ ቅመም ሆኖ ለብቻው ይሸጣል። ቁንዶ በርበሬ በሌላ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው፤ አረንጓዴው፣ ጥቁሩና ነጩም ከዚያው አንድ ሐረግ ይገኛሉ። ሄል እንደ ኮረሪማ ሁሉ የሚያፈራው ከግንዱ ሥር፣ መሬት አጠገብ ነው። ቀረፋው ቅርፊቱ እንደምናውቀው ይሸታል፣ ሥሩ ግን ተቆፍሮ ሲፋቅ የቪክስ ሽታ አለው። ጠጅ ሣሩን ሲያሳየን እናቴ «ይኼንማ እኛም ቤት አለን» ብላ አለፈችው።

በጉብኝቱ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃችሁን የመሸጫ ጠረጴዛ በተመለከተ ጥንቃቄ ይደረግ። በሚያማምሩ ትንንሽ እሽጎች የሚሸጠው ቅመም ከከተማው ገበያ በጣም የተወደደ ነው፤ ለእርሻው ሰዎች መደጎሚያ ይሁን ብሎ አንድ ሁለት እሽግ መግዛት ያስመሰግናል እንጂ ስንቅ የሚገዛበት ቦታ አይደለም። በተለይ «የዛንዚባር ሳፍሮን» ተብሎ የሚቀርበውን አትግዙ፤ ሳፍሮን የተባለው ውድ ቅመም በደሴቲቱ አይበቅልም። እናቴ ከእሽጉ ቆንጥራ ምራቋ ላይ አሸችው፣ ቀለሙን አየች፣ አልሸተታትም፤ መልሳ አስቀመጠችው። ችግኝ ወይም እርጥብ ዘር ይዞ ለመመለስም አትሞክሩ፣ ወደ አገራችን ተክል ማስገባት ፈቃድ ይጠይቃል። የደረቀ ቅመም ግን ችግር አልገጠመንም።

አሁን እርሻው መቅደም አለበት ያልኩበት ምክንያት ላይ ደርሻለሁ። ቅርንፉድ የዛንዚባር ተወላጅ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ገብቶ፣ መቀመጫውን ከኦማን ወደዚህ ባዛወረው በሱልጣን ሰይድ ዘመን ደሴቶቹን ሸፈናቸው። ያን ሁሉ ዛፍ የተከለው፣ የኮተኮተውና የለቀመው ከመሐል አፍሪካ ተይዞ የመጣ ባሪያ ነው። ልጁ ይህን በዛፉ ጥላ ሥር ሲነግረን እናቴ አሁንም እምቡጡ በእጇ ነበር። በማግሥቱ በከተማው የባሪያ ገበያው የነበረበትን ቦታ ስናይ ለምን ገበያ እንዳስፈለገ ማስረዳት አላስፈለገም። ባሕሩን አስቀድሞ፣ ገበያውን በችኮላ የሚያይ ሰው ይህ ግንኙነት ያመልጠዋል።

የገበያው ቦታ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ነው። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት በ1873 እ.ኤ.አ. ገበያውን ሲዘጋ፣ ጳጳሱ ኤድዋርድ ስቲር ቦታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ማሠራት ጀመረ፤ መሠዊያው የቆመው ባሪያዎች ታስረው ይገረፉበት በነበረው ግንድ ቦታ ላይ እንደሆነ ይነገራል። ሽያጩ ቢዘጋም ባርነቱ ራሱ በሕግ የተሻረው ከዚያ ሃያ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1897 ነው። በግቢው ውስጥ ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ የቆሙ አምስት የድንጋይ ሐውልቶች አሉ፤ ከወገባቸው በታች ድንጋዩ ውስጥ የተቀበሩ ይመስላሉ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሰንሰለት እውነተኛ ብረት ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆየች። እዚያ ፎቶ ለመነሣት የሚሽቀዳደሙ ጎብኚዎች ነበሩ፤ እኔ ካሜራዬን አላወጣሁም።

የእኛም ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። በሱልጣኑ ቤተ መንግሥት የሐበሻ ሴቶች እንደነበሩ የሱልጣን ሰይድ ልጅ ልዕልት ሳልሜ በማስታወሻዋ ጽፋለች። ቡና የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠይቆን «ኢትዮጵያ» ስንለው «ኡሐበሺ!» ብሎ በድሮው ስም መልሶልናል።

አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ይባላል፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ይሳሳታል፤ መጥፋታችሁ አይቀርም፣ ግን ወደ የትም ብትሄዱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወይ ባሕሩ ጋ ወይ ዋናው መንገድ ላይ ትወጣላችሁ። ባርጋሽ በ1883 ያሠራው «የድንቅ ነገሮች ቤት» የተባለው ሕንፃ ከፊሉ በታኅሣሥ 2020 ስለተደረመሰ ተከልሎ በውጭ ብቻ አየነው። ከፊት ለፊቱ ባለው ባሕር ላይ የቆሙ የእንግሊዝ መርከቦች በነሐሴ 1896 ቤተ መንግሥቱን ደብድበው ከሦስት ሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጦርነቱን ጨርሰውታል። ከዓድዋ ድል ስድስት ወር እንኳን ሳይሞላ መሆኑን አስቤ ሳላስተውል ለራሴ አወራሁ።

በየመንገዱ «ላሳያችሁ» እያሉ የሚከተሉ ወጣቶች አሉ። የአገሩ ሰው ራሱ «ፓፓሲ»፣ ማለትም መዥገር ይላቸዋል። አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አብሮን ሄዶ በመጨረሻ ያልተስማማነውን ገንዘብ ጠየቀን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጀመሪያውኑ «ሃፓና፣ አሳንቴ» ብዬ መለየት ነበረብኝ። ቃሉ አይ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ በፈገግታ ሲባል ይሠራል።

ቡናውን ሳልጠቅስ ባልፍ እናቴ አትምረኝም። አመሻሽ ላይ ወንዶች በየቤቱ ፊት በተሠራው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ከከሰል ላይ ከሚወርድ የናስ ጀበና በትንንሽ ሲኒ ይጠጣሉ፤ ያለ ስኳር፣ ከኦቾሎኒ ከረሜላ ጋር። እናቴ አንድ ሲኒ ጨርሳ ፍርዷን ሰጠች፦ «አልተቆላም፣ ተቃጥሏል እንጂ። መቀመጫው ግን ጥሩ ነው።» በማግሥቱም ተመልሳ ሄዳ ጠጥታለች።

ምግብን በተመለከተ፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ደሴቲቱ ከብዙ አገር ትሻላለች፤ ወተቱን የሚተካው ኮኮናት ነውና። በኮኮናት የተሠራ ባቄላ፣ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝና ሙዝ በየትም ይገኛል። ኡሮጆ የሚባለው፣ ድንችና የሽምብራ ጥብስ የሚገባበት በእርድ ቢጫ የሆነ ጎምዛዛ ሾርባ፣ ከሽሮ ቀጥሎ እናቴ የምትመርጠው ሆነ፤ እንቁላል ወይም ሥጋ እንዳይጨምሩበት ግን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በፎሮዳኒ የአትክልት ቦታ ማታ ማታ የሚዘረጋው የምግብ ገበያ ደስ ይላል፤ እኔ እዚያ የሸንኮራ ጭማቂውን በሎሚና በዝንጅብል እመክራለሁ፣ ከቀን ጀምሮ ተደርድሮ የቆየውን የባሕር ምግብ ግን አልመክርም።

ቅመም መግዛት ያለባችሁ በዳራጃኒ ገበያ ነው፣ ያውም ከፊት ለፊቱ ሳይሆን የአገሩ ሴቶች ከሚገዙበት ከውስጠኛው በኩል። እናቴ በጣቶቿ እየቆጠረች፣ ስልኬ ላይ ቁጥር እያስጻፈች ተከራከረች፤ ከመጀመሪያው ዋጋ በግማሽ ሁለት ኪሎ ቅርንፉድ ገዛች። ውኃ ያዘለ ብርጭቆ አስመጥታ አምስት ፍሬ ጣለችበት። አራቱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጋዴው አምስተኛዋን አውጥቶ ሌላ ጨመረላት።

በመጨረሻ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ወደ ፓጄ ሄድን። እዚህ ላይ የሠራሁት ስሕተት በቀላሉ የሚታረም ነው። ሰማያዊ ውኃ ፎቶ አይቼ የያዝኩት ማደሪያ ደጃፍ ላይ ስንደርስ ባሕሩ የለም። እስከ አድማሱ ድረስ እርጥብ አሸዋና ኩሬ ብቻ ነበር። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቶ ይመለሳል፤ በሙሉ ጨረቃና ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን ደግሞ ይብሳል። መዋኘት ዋናው ፍላጎታችሁ ከሆነ ውኃው ብዙም ወደማይሸሽበት ወደ ሰሜኑ ጫፍ፣ ወደ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ሂዱ፤ ምሥራቁን ከመረጣችሁ ግን ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት በኢንተርኔት አይታችሁ ቀኑን በእሱ ላይ አስተካክሉ። ባሕሩ በሸሸበት ስትራመዱም ጫማ አድርጉ፣ በድንጋዩ መካከል ጥቁር እሾሃም ፍጥረት አለ፤ እግር ከወጋ እሾሁ ውስጥ ይሰበራል።

የሸሸው ባሕር ለእኔ ኪሣራ ሲሆን ለእናቴ ሌላ ገበያ ሆነ። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በሁለት እንጨት መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ቁራጭ በቁራጭ ያስሩ ነበር። አድጎ ሲለቀም በፀሐይ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል፣ ምግብና መዋቢያ ለማወፈር የሚያገለግለው ነገር የሚወጣው ከእሱ ነው። እናቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ መሐላቸው ገባች፤ አንዲቱ አስተሳሰሩን አሳየቻት፣ ሦስት አሰረች፣ ሁለቱ ተፈቱባት፣ ሁሉም ሳቁ። ሲሞላ ዋኝቻለሁ፣ ውኃው እንደተባለው ነው፤ ስለ እሱ ግን ሌሎች ብዙ ጽፈዋል።

ዶልፊን ለማየት ወደ ኪዚምካዚ የሚደረገውን የጀልባ ጉዞ ትቼዋለሁ፤ እንስሳቱን በሞተር ማሳደድ መሆኑን የሄዱ ሰዎች ነግረውናል። በዚያው መንደር ግን ግድግዳው ላይ በ1107 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ጽሑፍ ያለበት መስጊድ ስላለ ለእሱ መሄድ ይቻላል። ከባሕር ዳርቻ ውጭ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ ግድ ነው፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነውና በረመዳን ከሄዳችሁ ቀን ላይ በአደባባይ መብላት አይገባም። ከአሮጌው ከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ሽልንግ በእጃችሁ ያዙ፣ በዳርቻው መንደሮች የገንዘብ ማሽን በቀላሉ አይገኝም።

እናቴ ከተመለስን በኋላ ያልረሳችው አንድ ነገር አለ። ልጁ በእርሻው ላይ እንደነገራት፣ በ1872 እ.ኤ.አ. የመጣ አውሎ ነፋስ የዋናውን ደሴት የቅርንፉድ ዛፎች ነቅሎ ስለጣለ፣ ዛሬ አብዛኛው ቅርንፉድ የሚመጣው ከሰሜን ካለችው ከፔምባ ነው፤ በለቀማ ወቅት መንገዱ ሁሉ በሚደርቅ ቅርንፉድ ይሸፈናል፣ ሽታውም ከሩቅ ይሰማል። መደብሯ ውስጥ ጆንያ ስትከፍት ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞር ትላለች። ትናንት ደግሞ ወደ ፔምባ የሚሄደው መርከብ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚነሣ እንድጠይቅላት አዝዛኛለች፤ በእኛ ሰዓት እንድጠይቅም አስጠንቅቃኛለች።